የመምህር ደምሌ እርቅ

ሐምሌ 5

መ/ር ደምሌ ዛሬ ተማሪዬ ሆኑ።

አላወቁኝም። መስኮቱ ሥር ተቀመጡ፤ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው። ስም ስጠራ «አቤት» አሉ፣ ጎረቤት በአጥር በኩል እንደጠራቸው ሁሉ። የኔን ስም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ጥሩወርቅ። የአባቴን ስም ሆን ብዬ ተውኩት።

የክረምት ሥልጠና ነው። የወረታና የዙሪያው ቀበሌዎች የ1ኛ ደረጃ መምህራን። ርእሱ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መሠረታዊ ቃላት። ናውን ምንድን ነው፣ ቨርብ ምንድን ነው፣ ሰብጀክት፣ ኦብጀክት፣ ቴንስ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ድምፄ አይሰማም። ለሰሌዳው ነው የማስተምረው።

አስማረ መጥቶ ንግግር አደረገ። የወረዳው ት/ጽ/ቤት ሱፐርቫይዘር ነው፤ ጢሙ ገና ያልጠና። ጮክ ብሎ፣ ያለ ወረቀት ያወራል። የመጨረሻውን ፈተና ያላለፈ የከተማ ቦታውን ይለቃል አለ። ምደባው ከርብ ወንዝ ማዶ ነው፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ት/ቤቶች። እስከ ጥቅምት ውሃ የሚከባቸው፤ በታንኳ ካልሆነ የማይገባባቸው። ፈተናውን የማወጣው እኔ። የማርመውም እኔ።

መ/ር ደምሌ ጃንጥላቸውን ነቅለው እንደገና ተከሉት።

ሐምሌ 7

ስሚ፣ ደብተሬ። ለሰው የማልነግረውን ነው የምጽፍብሽ።

የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት አትታጠፍም። ጠመኔ ስይዝ ብቻዋን ቆማ ትቀራለች። የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም፤ በር ዘግቶብኝ ነው እላለሁ። በር አይደለም። አንበሳሜ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው፣ አምስተኛ ክፍል። መ/ር ደምሌ ያኔ ወጣት ነበሩ። ሱሪያቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የሚያበራ። ናውን ጥሩ አሉን፣ በየተራ። ልጆቹ በሬ፣ ቤት፣ ጎንደር አሉ። ተራዬ ሲደርስ ስሊፕ አልኩ። እንቅልፍ። ይኼማ ሥራ ነው፣ ቨርብ ነው፣ ደንቆሮ አሉኝ። እጅሽን ዘርጊ። በማስመሪያው ገጽ አይደለም የመቱኝ፣ በጠርዙ ነው። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

መምህራን ማሠልጠኛ ከገባሁ በኋላ ነው ያወቅሁት። ስሊፕ ናውንም ነው ቨርብም ነው። ልክ ነበርኩ። መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰውየውን ሳስበው አንቱ ማለት አልሆንልኝ አለ። ፊት ለፊት ሲሆን እላለሁ፣ ደንብ ነው። እዚህ ግን ከዛሬ ጀምሮ ደምሌ ነው። ደምሌ መጣ፣ ደምሌ ተቀመጠ።

ሐምሌ 9

ባለቤትና ተሳቢ። ገበሬው በሬውን ሸጠ ብዬ ጻፍኩ፣ በእንግሊዝኛ። ሰብጀክት ማለት ምን ማለት ነው? ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ አድራጊው፣ አድራጊው። ትርጉሙን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል። ዓረፍተ ነገሩን ገለበጥኩባቸው። በሬው ተሸጠ። ሰብጀክቱ ማነው? ግማሹ ክፍል ግራ ገባው። ገበሬው የለም። በሬው ደግሞ ምንም አላደረገም፣ ቆሞ ነው የተሸጠው። ጌትነት የሚባል አለ፣ የኋላ ወንበር ቀልደኛ። በሬው ራሱን ሸጦ በብሩ ሩዝ ዘራበት አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ችግራቸው ይኼ ነው። ቃሉን ያውቁታል፤ ነገሩን አይተውት አያውቁም። ስሙን ሸምድደው ለልጆች አስተላልፈዋል፤ ልጆቹም ለልጆች። እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት።

ደምሌ አልሳቀም። ሰሌዳውን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ቀለም እንደሚቀጽል የቆሎ ተማሪ። አንዱ ቃል ላይ ሲደርስ ይጠፋበትና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በእረፍት ሰዓት ሌላው ወደ ሻይ ቤት ሲሄድ እሱ ጃንጥላውን ዘርግቶ በሩጫ ከግቢ ይወጣል። ደወል ሲደወል እያለከለከ ይመለሳል፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ። የት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም። አረቄ ቤት ነው ብዬ ገመትኩ። ግምቴ ደስ አሰኘኝ።

ሐምሌ 13

ዛሬ አደረግሁት።

ስሊፕ የሚለውን ቃል በትልቁ ጻፍኩ። ናውን ነው ወይስ ቨርብ? ክፍሉን በዓይኔ ዞርኩ፣ ሰው እንደምፈልግ ሆኜ። መምህር ደምሌ፣ እርስዎስ? ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ። ቨርብ አለ፣ በሙሉ እምነት። ብቻ? ብቻ አለ። ዝም ስል ተጠራጠረ። ናውን አለ። ናውን ብቻ? አይ፣ ቨርብ። ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ አመላለስኩት፣ ግንባሩ እስኪያልበው። ጌትነት ከኋላ፣ ጋሼ ትንሽ ይተኙበትና ይታይ አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«እንግዲህ እጅዎን ይዘርጉ» አልኩት።

ለሳቅ ነው ያልኩት። ለሳቅ መሆኑ ሁሉም ገብቷቸዋል። እሱ ግን ዘረጋ። መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ክንዱን አስተካክሎ፣ ተማሪ እንደሚዘረጋው። ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እየቆመ ሄደ። ጠመኔዬን መዳፉ ላይ አኖርኩና ይቀመጡ አልኩት። ጠመኔውን እንደያዘ ተቀመጠ።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። ጣቴን ነው የሚያየው። የማን ልጅ ነሽ አለኝ። የአባቴን ስም ነገርኩት። የአንበሳሜው? አዎ። ራሱን ነቀነቀ። ጃንጥላውን ሳይዘረጋ በዝናቡ ሄደ።

እራቴን አጣጥሜ በላሁ።

ሐምሌ 16

የሙከራ ፈተና። አሥር ቃላት፤ ትርጉማቸውንና ምሳሌያቸውን መስጠት። ብዙዎቹ ትርጉሙን ጻፉ፣ ምሳሌው ጋ ሲደርሱ ተሰነካከሉ። ደምሌ ከሁሉም በታች ሆነ። ምንም አልቀነስኩበትም። ይኼ ይጻፍ። እንዲያውም ወረቀቱን ደግሜ አረምኩት፣ በድዬው እንዳልሆነ ለማረጋገጥ። ያላየሁት ስህተት አገኘሁ።

አስማረ ብቅ ብሎ ማን ማን እንደሚያሰጋ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ደምሌ ሲባል ደስ አለው። ማዶ ሰው ያስፈልጋል፤ ወጣቶቹን ብንልካቸው ጥለው ይጠፋሉ፣ ጡረታ የቀረበው ግን የትም አይሄድም አለ። ልክ ነው። የትም አይሄድም።

ሐምሌ 18፤ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ የቤቴ በር ተንኳኳ። ቄስ ሞላና ሐጂ ይማም። ቄሱ የሰፈሩ ነፍስ አባት ናቸው፤ ሐጂ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ። ሁለቱ አብረው ከቆሙ ለሽምግልና ነው፤ ወረታ ውስጥ ይኼን የማያውቅ የለም። ግቡ አልኳቸው። አንገባም አሉ። ተቀመጡ አልኩ። የመጣንበትን ሳታሳኪልን አንቀመጥም አሉ።

ከኋላቸው አጥሩ ሥር ደምሌ ቆሟል። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ጠፍጣፋ፣ ልብስ የሚታጠብበትን የሚያህል። ዝናቡ በድንጋዩ ወርዶ በኮሌታው ይገባል።

ድንጋይ የሚሸከመው ደም ያለበት ሰው ነው። ለአንዲት ጣት ሲሸከሙ አይቼ አላውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ በየአጥሩ አንገቱን አሰገገ።

ሐጂ ተናገሩ። «ልጄ፣ ይኼ ሰው ልጅ ሳለሽ በድሎሻል፣ አካልሽን አጉድሏል። አንቺ መሆንሽን አላወቀም ነበር። አሁን አውቆ እግርሽ ላይ ሊወድቅ መጥቷል።» ስለ ፈተና አንድ ቃል አልወጣቸውም። ደምሌም አልተነፈሰም። ቄስ ሞላ ትንሽ ጨመሩ። ሰውየው ደግሞ ባለ መከራ ነው አሉ። ሚስቱ ወ/ሮ ዘነቡ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ከርሟል። ልጅ የላቸውም። በየሰዓቱ ካላገላበጧት ጀርባዋ ይቆስላል። ከት/ቤት እየሮጠ የሚመላለሰው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ቂም አይያዝም አሉ።

አረቄ ቤት አልነበረም ማለት ነው።

ማዶ ከተመደበ ውሃው ይዘጋዋል። በታንኳ አይጭናት፤ ጥሏት አይሄድ። ይኼን እነሱ አላሉም። እኔ ነኝ ያሰብኩት፣ እዚያው ቆሜ።

ይቅር ለእግዜር በይ አሉኝ። ደምሌ ድንጋዩን በእጁ ደገፍ ሲያደርግ አየሁ። ትንሽ አቆየሁት። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትንሽ ጨመርኩበት። ከዚያ አልኩ፤ ይቅር ለእግዜር። ድንጋዩን ሐጂ አወረዱለት። ደምሌ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አውጥተው መረቁ፤ ከእንግዲህ በመካከላችሁ የነበረው ነገር ሁሉ አለቀ፣ ደቀቀ። አሜን አልን። ያኔ ገብተው ተቀመጡ። ጠላ ቀዳሁ፤ ለሐጂ ሻይ።

«ነገር ሁሉ»። ደምሌ ፊት ላይ አየሁት። ፈተናውም አብሮ ያለቀ መስሎታል። የወደቀው በቂሜ እንጂ ባለማወቁ አይመስለውም። ቂሙ ከተነሳ ውጤቱም ይነሳል። እሱ ባደገበት አገር ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ከቆመበት ወዲያ የሚተርፍ የለም።

እርቁ ሌላ፣ ፈተናው ሌላ ነው፣ መምህር፣ ያጥኑ። ልለው የሚገባኝ ይኼን ብቻ ነበር፤ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር። ሳልለው ብርጭቆውን ሞላሁለት።

ሐምሌ 22

ደምሌ ሌላ ሰው ሆኗል። ኮፍያውን አውልቆ ይገባል። ልጄ ይለኛል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከጓሮው ጎመን ቆርጦ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ አቁሟል። ደብተሩን ከዘጋው ሰነበተ።

ዛሬ የተደራጊ ግስ ነበር፤ ፓሲቭ የሚሉት። ከባድ ነው ብዬ ነበር የገባሁት። በቅጽበት ገባቸው። መስኮቱ ተሰበረ። ማን ሰበረው? አይነገርም። ውሳኔ ተላልፏል። ማን አስተላለፈው? አይነገርም። ጌትነት፣ ታዲያ ይኼማ የስብሰባ ቋንቋ ነው፣ ዕድሜያችንን ስንሰማው የኖርነው አለ። አስማረ በር ላይ ቆሞ ነበር። ያለ ድምፅ ሳቁ።

ደምሌ አንቀላፍቶ ነበር፣ ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ። ሌሊት ሲያገላብጥ እንደሚያድር አሁን አውቃለሁ። ፓሲቭ ፈተና ላይ እንደሚወጣም አውቃለሁ፤ ጥያቄውን ትላንት ጽፌዋለሁ።

አልቀሰቀስኩትም። ከጎኑ ያለችው መምህርት ልትነካው ስትል ተያቸው አልኳት፣ ደክሟቸዋል። ደግ ናት ብላ አየችኝ።

ሐምሌ 26

ጌትነት ከክፍል በኋላ አስቆመኝ። መቼም ቁም ነገር አይወጣውም ብዬ ሳቅ ጠበቅሁ። ጋሼ ደምሌን ላስጠናዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ አለ። አያስፈልገኝም፣ ከመምህርታችን ጋር ተጨራርሰናል አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው?

እኔ ምን አውቄ አልኩት።

ፊቴን ትንሽ አየና ሄደ።

ጎመኑ ጥሩ ነበር። ጨርሼዋለሁ።

ሐምሌ 29

የመጨረሻው ፈተና። ጠዋት የጽሑፍ፣ ከሰዓት የቃል።

በየተራ እየገቡ ፊቴ ይቀመጣሉ። አንዳንዱ ውሃ ይጠይቃል። አንዲቱ ከአፏ ቃል ሳይወጣ አለቀሰችና ከዚያ ሁሉንም በትክክል መለሰች። ደምሌ ሲገባ ፈገግ ብሎ ነው። እንዴት ዋልሽ ልጄ፣ ድካም አበዛሽ አለኝ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠጋ፤ ዘመድ ቤት እንደገባ።

ናውን ምንድን ነው? የሰው፣ የቦታ፣ የነገር ስም። ይኼን አይስተውም። አድጀክቲቭ? ወንበሩን አስተካከለ። ፕሪፖዚሽን? ፈገግታ። ይኼን ዓረፍተ ነገር ወደ ፓሲቭ ይቀይሩት። ወረቀቱን አየው፣ መልሶ እኔን አየኝ፤ አንቺ መቼም ታውቂዋለሽ አለኝ። ቀልድ መሆኑ ነው። የማያውቅ ሰው ፍርሃት አልነበረበትም።

መካከል ላይ እድሉ ነበረኝ። መምህር፣ ይኼ እኮ ይታረማል፣ ያስቡበት ልለው አፌን ከፈትኩ። ቀጣዩን ጥያቄ ጠየቅሁት።

ሲወጣ ባረከኝ። ቁጥሩን ጻፍኩ። ትክክለኛ ቁጥር ነው።

ነሐሴ 3

ግምገማ።

ሁሉም ሠልጣኝ፣ አሠልጣኝዋ፣ ሰብሳቢው አስማረ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ሰው ይነሳል፣ ራሱን ይሂሳል፣ ከዚያ ቤቱ ይሂሰዋል። ከሂሱ በፊት ውጤት ተነበበ። የወደቁት ጥቂት ናቸው፤ ሌሎቹ ቀድሞም ማዶ ያሉ ናቸው። ከከተማ የሚነሳው ደምሌ ብቻ ነው።

ተነሳ። አልተቆጣም። ግራ ገብቶታል እንጂ። «ስሕተት አለ መሰለኝ» አለ። «እኔና መምህርት ታርቀናል እኮ። ቄስ ሞላ ምስክሬ ናቸው፣ ሐጂ ምስክሬ ናቸው። ጨርሰናል።»

ከሁሉ ፊት፣ በራሱ አፍ። የአስማረ እስክሪብቶ ቆመ። ሽማግሌ ተልኳል ማለት ነው? አዎ ተልኳል አለ ደምሌ፣ በኩራት። ወደ ፈታኟ ቤት? ወደ ቤቷ። ፈተናው ሳይሰጥ? ሳይሰጥ። አስማረ ወደ ቤቱ ዞረ። ኪራይ ሰብሳቢነት ቀንድ የለውም ጓዶች፣ እንዲህ ነው የሚመጣው አለ። ከዚያ ወደ እኔ። ሽማግሌ መጥቷል?

መጥቷል አልኩ።

ጌትነት እጅ ሳያወጣ ተነሳ። ቀልድ አልነበረውም። ጋሼ ድንጋይ ተሸክመው ነው የሄዱት፣ ሰፈሩ አይቷል፣ ለፈተና ድንጋይ የሚሸከም ሰው አለ ወይ አለ። ሌላ ጉዳይ ካላቸው መምህርቷ ትናገር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ደምሌም። የሱ ዓይን ግን አይለምንም፤ እንደምናገር እርግጠኛ ነው።

ጉዳዩ ይኼ ነው ብል ጣቴን ማሳየት ነው። ከዚያ ቂመኛ ሆና ፈተነችው ይባላል። እጅዎን ይዘርጉ ማለቴ ይነሳል። ቀጥሎ የምገመገመው እኔ ነኝ።

«ከመምህር ደምሌ ጋር የግል ጉዳይ የለኝም» አልኩ።

ታርቀናልና የለኝም። እውነት ነው።

አስማረ ደምሌን ራሱን እንዲሂስ ጠየቀው። ቃሉን አያውቀውም። አስማረ ቀደም ቀደም እያለ ነገረው፤ ደምሌ ከኋላው ደገመ። ሽማግሌ በመላክ። ሽማግሌ በመላክ። ውጤት ለማስቀየር። ውጤት ለማስቀየር። መሞከሬ። መሞከሬ ስሕተት መሆኑን። እንዲህ ነበር አንበሳሜ ያስተማረን፤ እሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ስሕተቴን አምኛለሁ የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። አልተሰማም ተባለ። ደገመው።

ቃለ ጉባኤው ተነበበ። ሽማግሌ ተልኮ ተገኝቷል። ምደባው ይጸናል። ቤቱ ተቀበለ። እጄን አወጣሁ፣ ከሁሉም ጋር።

ነሐሴ 4

ቄስ ሞላ መጡ። ፍልሰታ ነው፣ ቅዳሴ ሳይገቡ። ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ በውጤት ጉዳይ መጥቼ ነበር?»

አልመጡም አባ አልኩ።

«እንግዲያ ሂጂና ይኼንኑ ተናገሪ። እኔ ብሄድ ሽማግሌው እኔ ነኝ፤ ተከሳሹ እኔ ነኝ። አንቺ ነሽ የሚሰሙሽ።»

እስቲ አያለሁ አልኳቸው። ምኑን ነው የምታዪው አሉ። መስቀላቸውን አላወጡም። ቁልቁል ሲወርዱ ጭቃው አዳለጣቸው፤ እጅ ልሰጣቸው ብል እጃቸውን ሰበሰቡ።

ምደባው የሚዘጋው ዓርብ ነው።

ነሐሴ 5

አልሄድኩም። ዝናብ ነበር።

ሐጂን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። የነጠላ ጥለት እየለካሁ ነበር። ሰላምታዬን ተቀበሉ፣ ጨርቁን አጣጥፈው መልሰው መደርደሪያው ላይ አኖሩት። ዛሬ አይሸጥም አሉ።

ነሐሴ 7፤ ዓርብ

አስማረ አስጠራኝ። ደምሌ ከግምገማው ወዲህ ብቅ አላለም። ዛሬ ጽ/ቤቱ ሳይዘጋ መጥቶ ምደባውን ካልተቀበለ ሥራ እንደለቀቀ ይቆጠራል፤ ጡረታውም አብሮ ይሄዳል። ሰፈራችሁ አንድ ነው፣ ሂጂና ንገሪልኝ አለኝ። ዘበኛው ታሟል።

እሺ ብዬ በሩ ጋ ደረስኩ። ቆምኩ። የቄስ ሞላ ቃል አፌ ውስጥ አለ፤ በውጤት ጉዳይ አልመጡም፣ ለእርቅ ነው የመጡት። አስማረ ቀና አለ። ሌላ ነገር አለ? የለም አልኩ።

የደምሌ ቤት ከወፍጮው ጀርባ ነው። ገብቼበት አላውቅም። ጭቃ ግቢ፣ ጥግ ላይ የጣራ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል፣ ከቤቱ ኋላ የቃሪያ መደብ። በሩ ገርበብ ብሏል። ማነው አለች ወ/ሮ ዘነቡ ከውስጥ። ከት/ቤት ነኝ አልኩ። ፊቷ ወደ ግድግዳ ነው፤ መዞር አትችልም።

«ጥሩወርቅ ነሽ?» አለችኝ።

እንዴት እንዳወቀችኝ እንጃ። ግቢ፣ ቁጭ በይ፣ ደምሌ ጣራ ገዳም ጸበል ሊያመጣልኝ በጠዋት ወጥቷል፣ ይደርሳል አለች። ጎረቤቷ ገበያ ውላባታለች። አገላብጪኝ በሞቴ አለች። አገላበጥኳት። የሚከብድ ነገር የላትም፤ አንዱ ጎኗ ግን ድንጋይ ነው። ጀርባዋ ላይ ቆዳው መላጥ ጀምሯል። ቅባቱ የት እንዳለ ነገረችኝ። ቀባሁት።

ስቀባት ታወራለች። ምንም አልነገራትም። ግምገማ የለም፣ ምደባ የለም፣ ርብ ማዶ የለም። መስከረም ት/ቤት ሲከፈት እንደ ድሮው ደርሶ መልስ ይሆናል ብሏታል።

«አንቺን ሲመርቅ ነው የሰነበተ» አለችኝ። «ሌሊት ሌሊት እኔ ላይ ነበር የሚያጠና። ሰብጀክት ማለት? ይለኛል፣ አድራጊው እለዋለሁ። ኦብጀክት ማለት? የሚደረግበት። እኔ ምን ሥራ አለኝ፣ ተኝቼ እሰማለሁ። የሚረሳው እሱ። ከታረቃችሁ ወዲህ ተወው። ጥና እንጂ ብለው፣ አያስፈልግም፣ አሁን እኮ ልጄ ናት አለኝ።»

ቅባቱን ከደንኩ። የተላክሁበት ነገር አንድ መስመር ነው። ለሷም ብነግራት ይደርሰዋል።

ውሃ ስጪኝ እባክሽ አለች፣ ጣሳው እግርሽ ሥር ነው።

ጣሳውን ይዤ ወጣሁ። በርሜሉ ሙሉ ነው። ልጠልቅ ጎንበስ ስል በወፍጮው መንገድ ደምሌን አየሁት። ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ፣ ጭቃውን በአንድ እግሩ እየፈተሸ ይመጣል። አላየኝም። እስኪደርስ ብቆም ሁለት ነገር ልለው እችላለሁ። ሮጠው ይፈርሙ ልለው እችላለሁ። ወይም ይምጡ፣ አብረን እንሂድ፣ እኔ እናገራለሁ። ጽ/ቤቱ አልተዘጋም። ለሁለቱም ጊዜ አለ።

ጣሳውን የበርሜሉ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት፣ ባዶውን። በጓሮ በኩል፣ ቃሪያውን እየረገጥኩ ወጣሁ። ከውስጥ በስሜ ትጠራኛለች።